መልሕቅ መጣያና የባሕር ምልክት፦ «የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ» እንደ ሥነ ጽሑፍ ሲነበብ

1. መግቢያ

«የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ» በአገራችን ስሙ ያልተሰማ ጽሑፍ አይደለም። የጥንቱን የአክሱም ታሪክ የተማረ ሁሉ ስለ አዱሊስ ወደብ፣ ከዚያ ይላክ ስለ ነበረው የዝሆን ጥርስና የግሪክ ፊደል ያውቅ ነበር ስለሚባለው ስለ ዞስካሌስ ሲወሳ ይህ ስም አብሮ ሲጠራ ሰምቷል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በእኛ ዘንድ የሚታወቀው በጥቅስ ነው። ከ66 አንቀጾቹ ውስጥ እኛን የሚመለከቱት ጥቂቶቹ ተቆርጠው ይወጣሉ፤ የቀሩት ለዐረብና ለህንድ ታሪክ አጥኚዎች ይተዋሉ። በዚህም የተነሣ ሥራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አንድ ሙሉ ድርሰት የሚነበብበት አጋጣሚ እምብዛም አይገኝም።

የዚህ ሒስ አቅራቢ ጽሑፉን በንባብ ክፍለ ጊዜ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ባቀረበ ጊዜ አንድ ተማሪ «ይህ እኮ የወደብና የሸቀጥ ዝርዝር ነው፤ ሥነ ጽሑፍ የሚያሰኘው ምኑ ነው?» ሲል ጠይቆ ነበር። በዕለቱ የተሰጠው መልስ ጠያቂውን አላረካም፤ መላሹንም ጭምር። ጥያቄው ተገቢ ነውና። በድርሰቱ ውስጥ ዋና ገጸባሕርይ የለም፤ ተያይዞ የሚጦዝ ትልም የለም፤ ተራኪው ስለ ራሱ ስሜት አንድም ነገር አይነግረንም። እኛ ደግሞ ሥራን የምንመዝነው በገጸባሕርይ፣ በትልም፣ በግጭትና በመቼት ነው። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ ፔሪፕለስ ከደጅ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ እንደገና አንሥቶ ለመመለስ ይሞክራል። የሚያቀርበው መከራከሪያ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ፔሪፕለስ ከአንዱ መልሕቅ መጣያ ወደ ሌላው፣ የባሕሩንና የሰማዩን ጠባይ እየተመለከቱ የመጓዝን ጥበብ የሚያስተላልፍ ድርሰት ነው። ቅርጹ ራሱ ከዚህ ጉዞ የተቀዳ ነው። ይህን ቅርጽ ሳንረዳ አንዱን ዐረፍተ ነገር ነጥለን ስናወጣ፣ ያወጣነውንም ዐረፍተ ነገር በትክክል አናነበውም። ስለ ዞስካሌስ የተጻፈው ቃል ለዚህ ዋና ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

2. ስለ ድርሰቱ

ደራሲው ስሙን አልተወልንም። ጽሑፉ በግሪክኛ የተጻፈ ነው፤ ቋንቋው የተማረ ሰው ያጌጠ ግሪክኛ ሳይሆን የሥራ ሰው ግሪክኛ ነው። ስለ ዕጣን ዛፍ ሲናገር ሙጫ ከሚያፈስሱ የግብጽ ዛፎች ጋር ያነጻጽርና ግብጽን የእኛ ብሎ ይጠራታል፤ ስለዚህ በግብጽ የሚኖር ነጋዴ ወይም የመርከብ ሰው እንደ ነበረ ይታመናል። ዘመኑም የሚታወቀው የናባታውያንን ንጉሥ ማሊኩስን በመጥቀሱ ነው። ይህ ንጉሥ እ.ኤ.አ. ከ40 እስከ 70 የገዛው ዳግማዊ ማሊኩስ እንደ ሆነ አብዛኞቹ አጥኚዎች ስለሚስማሙ፣ ድርሰቱ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተጻፈ ነው። ዛሬ ለደረሰን ንባብ መሠረት የሆነው በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገለበጠውና በሃይደልበርግ የሚገኘው የብራና ጽሑፍ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በባዝል የታተመው እ.ኤ.አ. በ1533 ሲሆን፣ ከቅርብ ዘመናት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች መካከል የሾፍ (1912)፣ የሃንቲንግፎርድ (1980) እና የካሰን (1989) ይጠቀሳሉ።

«ፔሪፕለስ» ማለት በመርከብ ዙሪያውን መሄድ፣ የባሕሩን ዳር እየተከተሉ መጓዝ ማለት ነው። ቃሉ የጉዞው ስም ብቻ ሳይሆን የድርሰት ዓይነትም ስም ነው። «የኤርትራ ባሕር» ሲባልም በጥንቶቹ አጠራር ዛሬ ቀይ ባሕር የምንለውን ብቻ ሳይሆን የኤደንን ባሕረ ሰላጤና የህንድ ውቅያኖስን ጭምር ያጠቃልላል። ድርሰቱ ከግብጽ ወደቦች፣ ከሚዮስ ሆርሞስና ከቤረኒኬ ይነሣል። በአንድ ወገን የአፍሪካን ዳርቻ ይዞ ራፕታ እስከሚባለው የምሥራቅ አፍሪካ ገበያ ይወርዳል፤ በሌላው ወገን በዐረቢያ በኩል አድርጎ ወደ ህንድ ይዘልቃል።

3. መልሕቅ መጣያ እንደ ትረካ አሐድ

ልቦለድ በትዕይንት የሚገነባ ከሆነ ፔሪፕለስ የሚገነባው በመልሕቅ መጣያ ነው። መርከቡ በደረሰበት ስፍራ ሁሉ ተራኪው ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ይመልሳል። ከኋለኛው ስፍራ ምን ያህል ይርቃል? ከየትኛው ነፋስ ያስጥላል? ወለሉ መልሕቅ ይይዛል ወይስ ያንሸራትታል? የሚጠጣ ውኃ አለው? በዳርቻው የሚኖሩት ሰዎች እንግዳ ይቀበላሉ ወይስ ይዘርፋሉ? ምን ይገዛሉ፣ ምንስ ይሸጣሉ? መልሱ አንዳንዴ በአንድ መስመር ያልቃል፤ አንዳንዴ አንድ ሙሉ አንቀጽ ይወስዳል። ኤደን ዛሬ ባለችበት ስፍራ ስለ ነበረው ወደብ ሲጽፍ፣ ውኃው ቀደም ሲል ከጠቀሰው ከኦኬሊስ ውኃ ይልቅ እንደሚጣፍጥ ሳይናገር አያልፍም። በየብስ ለሚኖር አንባቢ ይህ ከቁም ነገር የሚገባ ወሬ ላይመስል ይችላል። በርሜሉ ለጎደለበት መርከበኛ ግን የዐረፍተ ነገሩ ሁሉ ክብደት ያረፈው በዚያ ቃል ላይ ነው።

ይህ ቅርጽ ድግግሞሽ አለው። ድግግሞሹ ግን ባዶ አይደለም። አንባቢው ጥያቄዎቹን ስለሚለምዳቸው አንዱ መልስ የጎደለ ወይም የተለወጠ ዕለት ወዲያው ይሰማዋል። የአዱሊስ አንቀጽ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። አዱሊስ፣ ዛሬ በኤርትራ ግዛት በዙላ አጠገብ ፍርስራሹ የሚገኘው ከተማ፣ ወደ ደቡብ ጠልቆ በሚገባ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ እንደሚገኝ ይነግረናል። ከባሕረ ሰላጤው ውስጠኛ ጫፍ 200 ስታድዮን ያህል ወደ ክፍት ባሕር ወጣ ብሎ ኦሬይኔ፣ ማለትም ተራራማይቱ የተባለች ደሴት አለች፤ አጥኚዎች ዛሬ ዲሴ ከምትባለው ደሴት ጋር ያገናኟታል። የሚመጡት መርከቦች አሁን መልሕቃቸውን የሚጥሉት በዚህች ደሴት ነው። ቀድሞ ግን እንዲህ አልነበረም። ቀድሞ መርከቦቹ ወደ ውስጥ ዘልቀው፣ ከየብሱ ጋር እጅግ በተጠጋችው በዲዶሮስ ደሴት አጠገብ ያርፉ ነበር። ወደዚያች ደሴት ግን ከየብስ በእግር መሻገሪያ ስለ ነበረ የአካባቢው ሰዎች እየተሻገሩ ጥቃት አደረሱ። ስለዚህ መልሕቅ መጣያው ተዛወረ።

ይህን ምንባብ የታሪክ ሰው የሚያነበው ስለ አዱሊስ ጂኦግራፊ ለማወቅ ነው። በሥነ ጽሑፍ ዐይን ያየነው እንደ ሆነ ግን አንድ ሙሉ ታሪክ በውስጡ ተጠቅልሎ እናገኛለን። «ቀድሞ» እና «አሁን» የሚሉ ሁለት ጊዜዎች አሉት። በሁለቱ መካከል ያልተተረከ ሌሊት አለ፤ ጩኸት፣ የተቆረጠ የመልሕቅ ገመድ፣ ሸራውን ለማንሣት የሚራወጥ መርከበኛ። ደራሲው ከዚህ አንዱንም አልጻፈም። የጻፈው ውጤቱን ብቻ ነው፦ መርከቦች ዛሬ ከዚያ አያርፉም። ትዕይንቱን የሚሠራው አንባቢው ነው። ብዙ ቃል አፍስሰው አንባቢውን ለማስደንገጥ ከሚደክሙ የዘመናችን ትረካዎች አጠገብ ሲቀመጥ፣ ይህ ቁጥብነት የሚያስተምረው ነገር አለ።

4. ምልክትና ጥርጣሬ

የባሕር ዳር ተጓዥ ሥራው ሁሉ ምልክት ማንበብ ነው። ነፋስ መነሣቱን ነፋሱ ከመድረሱ በፊት ማወቅ አለበት፤ ምድር መቅረቡንም ምድሩ ሳይታይ። በፔሪፕለስ ውስጥ በልቦለድ ቋንቋ ልብ ሰቀላ የምንለው ነገር የሚገኘው በእነዚህ ምልክቶች ላይ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ዛሬ በሶማሊያ ጓርዳፉይ ተብሎ ስለሚጠራው የአፍሪካ ቀንድ ጫፍ የተጻፈው ነው። እዚያ ያለው የቅመማ ቅመም ገበያ መልሕቅ መጣያው ለሰሜን የተጋለጠ ስለሆነ ከባሕር የሚመጣው ሞገድ በአንዳንድ ወራት አደገኛ ያደርገዋል። ማዕበል ሊመጣ ሲል የሚታየው የስፍራው ምልክት ጥልቁ ውኃ መደፍረሱና ቀለሙን መለወጡ ነው። ይህ በታየ ጊዜ ሁሉም መልሕቁን ነቅሎ ታባይ ወደተባለው ወደ ታላቁ የምድር ጫፍ ይሸሻል፤ ከዚያ መጠለያ አለ። ልብ እንበል፤ ሰማዩ አልጠቆረም፤ ነፋሱ አልነፈሰም። የተለወጠው የውኃው መልክ ብቻ ነው። ልምድ የሌለው ሰው ቢያየውም ምንም አይታየውም። ድርሰቱ ለአንባቢው የሚሰጠው ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ዐይን ይሰጠዋል።

በህንድ ዳርቻም እንዲሁ ነው። ወደ ሲንትስ ወንዝ አፍ፣ ማለትም ወደ ኢንዱስ ለሚቀርቡ መርከቦች ምድር መቃረቡን የሚያበሥሩት ከጥልቁ የሚወጡ እባቦች ናቸው። በባራኬ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ እባቦቹ ትልልቅና ጥቁር ናቸው፤ በባሪጋዛ፣ በዛሬዋ ብሃሩች በኩል ደግሞ አነስ ያሉና ቢጫ አረንጓዴ ይሆናሉ። መርከበኛው ያለበትን የሚያውቀው በእባብ ቀለም ነው። በባራኬ የባሕሩ ወለል አንዳንዱ ስፍራ ገደል፣ ሌላው ሹል ዐለት ስለሆነ የተጣሉት መልሕቆች ገመዳቸው ይበጠሳል፤ ከወለሉ ጋር ተላትመው የሚሰባበሩም አሉ። በባሪጋዛ የወንዝ አፍ ደግሞ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እጅግ ኃይለኛ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት መርከብ ይሄድበት የነበረው ስፍራ ደረቅ ምድር ይሆናል፤ ሙላቱ ሲመለስም ድምፁ ከሩቅ እንደ ጦር ሠራዊት ሁካታ ይሰማል። ስለዚህ በንጉሡ ሥራ ያሉ የአገሩ ዓሣ አጥማጆች በረጃጅም ጀልባዎች እየወጡ የሚመጡትን መርከቦች ይቀበላሉ፤ በሙላቱ ጊዜ እየጎተቱ ያስገባሉ፤ በጉድለቱ ጊዜ በታወቁ ማረፊያዎች መልሕቅ ያስጥላሉ።

ይህን የምልክት ንባብ ከሌሎች ሁለት ጽሑፎች ጋር ብናነጻጽረው ጠባዩ ይበልጥ ይገለጥልናል። የመጀመሪያው ለአማርኛ አንባቢ ሁሉ ቅርብ የሆነው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ነው። የጳውሎስ ጉዞ የሚተረከው ከፔሪፕለስ ጋር በአንድ መቶ ክፍለ ዘመን ውስጥ ስለሆነው ነገር ነው። እዚያም መርከቡ ዳር ዳሩን ይሄዳል፤ የጉዞው ወራት ማለፉ ያሳስባል፤ የደቡብ ነፋስ በቀስታ ሲነፍስ መርከበኞቹ ይታለላሉ። እዚያም ጥልቀት ይለካል፤ በመጀመሪያ 20፣ ቀጥሎ 15 ይሆናል፤ ከበስተኋላም አራት መልሕቆች ይጣላሉ። በሁለቱ ጽሑፎች ያለው የሙያ ዕውቀት አንድ ነው። ልዩነቱ ምልክቱ ወዴት እንደሚያመራ ነው። በሐዋርያት ሥራ የባሕሩ ምልክቶች ሁሉ በመጨረሻ ለአንድ ሰው ቃል እውነትነት ምስክር ይሆናሉ፤ ማዕበሉ ትርጉም አለው። በፔሪፕለስ ማዕበሉ ትርጉም የለውም፤ ወራት አለው እንጂ።

ሁለተኛው የኮስማስ ኢንዲኮፕለውስቴስ ሥራ ነው። ይህ የእስክንድርያ ነጋዴ በአፄ ካሌብ ዘመን አዱሊስ ነበር፤ በዚያ የነበረውን የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጦ ስላቆየልን ባለውለታችን ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጻፈው መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል አንድ የሚያምር ትዝታ አለ። መርከባቸው ወደ ባርባርያ ሲጠጋ አየሩ ይታወካል፤ ግዙፍ ወፎች ከበላያቸው ሆነው ይከተሏቸዋል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ወፎቹን አይተው ወደ ውቅያኖስ መቃረባቸውን ያውቁና ወደ ባሕረ ሰላጤው እንዲመለስ በመርከቡ መሪ ላይ ይጮኻሉ። ኮስማስ ከፔሪፕለስ ደራሲ የተሻለ ተራኪ ነው፤ ጩኸቱን ያሰማናል፣ ፍርሃቱን ያሳየናል። ሆኖም መጽሐፉ የተጻፈው ዓለም ክብ አለመሆኗንና የተሠራችውም በደብተራ ኦሪት አምሳል መሆኑን ለማስረዳት ነው። ስለዚህ ያየውን ነገር ሁሉ አስቀድሞ ለያዘው ሐሳብ ማገር ያደርገዋል። የፔሪፕለስ ደራሲ ግን ባሕሩ ያላለውን አያስብለውም። የሥነ ጽሑፍ ሐቀኝነት ከብዙ ነገር ሊመነጭ ይችላል፤ በዚህ ደራሲ ዘንድ የሚመነጨው ስሕተት መርከብ ያሰምጣል ከሚል ዕውቀት ይመስላል።

5. «እኛ» የሚለው ተራኪ

በሦስተኛ መደብ በሚሄደው በዚህ ድርሰት ውስጥ ተራኪው ብቅ የሚልበት አንድ የታወቀ ስፍራ አለ። በ20ኛው አንቀጽ ስለ ዐረቢያ ምዕራባዊ ዳርቻ ሲጽፍ ክፋቱን ይደረድራል፦ ወደብ የለውም፤ መልሕቅ መጣያው መጥፎ ነው፤ ከውኃ በታች ባሉ ዐለቶችና በገደል የተሞላ ነው፤ በሁሉ ረገድ ያስፈራል። ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ዳር የተጠጋ መርከብ ይዘረፋል፤ ከመርከብ አደጋ የተረፈም በባርነት ይያዛል። በዚህ ምክንያት፣ ይላል፣ በባሕሩ መካከል አድርገን እስከ ቃጠሎዋ ደሴት ድረስ እንፈጥናለን።

«እንፈጥናለን» የምትለው ግስ ሳትታሰብ ያመለጠች ትመስላለች። አጥኚዎች ደራሲው በእርግጥ በመርከብ የሄደ ሰው ለመሆኑ እንደ ማስረጃ ይጠቅሷታል። ለእኛ ግን ከማስረጃነት ሌላ ፋይዳ አላት። ደራሲው ስለ አትራፊ ገበያዎች ሲናገር «እኛ» አላለም፤ ስለ ሐር ሲናገርም እንዲሁ። የፈራበት ስፍራ ሲደርስ ግን ከጓደኞቹ ጋር አብሮ ታየ። የሐዋርያት ሥራ ተራኪም በዚያ የባሕር ጉዞ «እኛ» እያለ መተረኩ በዚህ ላይ የሚታሰብ ነው። በባሕር ላይ አደጋ ብዙ ቁጥር አለው፤ አንዱ ብቻውን የሚሰምጥበት መርከብ የለምና።

6. ዞስካሌስ እንደ ወደብ

አሁን ወደ ዞስካሌስ እንመለስ። በ5ኛው አንቀጽ ስለ እርሱ የተነገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ገንዘቡን በሚመለከት ጥብቅ እንደ ሆነና ከዚያ በላይ ለማግኘት እንደሚሻ ይነገርና፣ በቀረው ነገር ግን ጨዋ ሰው እንደ ሆነና የግሪክ ጽሕፈት እንደሚያውቅ ይታከላል። ይህ ቃል በእኛ ዘንድ በሁለት መንገድ ሲሠራበት ቆይቷል። አንዳንዱ ከዐረፍተ ነገሩ ሁለተኛውን ግማሽ ይወስድና የጥንቱ ገዥያችን የተማረ እንደ ነበረ ይኮራበታል። ሌላው የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ ንፉግነቱን ያነሣል፤ ሾፍም በእንግሊዝኛው ወደ ንፉግነት የሚያደላ ቃል መርጧል። የግሪክኛው ቃል «አክሪቤስ» ግን በመሠረቱ የተጠነቀቀ፣ ልኩን የሚያውቅ ማለት ነው፤ ካሰን ወደዚህ የሚቀርብ ትርጉም ሰጥቶታል።

የቃል ምርጫው ክርክር ጠቃሚ ቢሆንም መልሱ ያለው በቃሉ ውስጥ ብቻ አይመስለንም። የዐረፍተ ነገሩ አወቃቀር «በዚህ በኩል እንዲህ ነው፤ በሌላው ግን እንዲህ» የሚል ነው። ግሪክኛው ይህን «ሜን» እና «ዴ» በሚሉ ሁለት ጥቃቅን ቃላት ያሳያል። ድርሰቱን ከመጀመሪያው ይዞ የመጣ አንባቢ በዚህ አቀራረብ አይገረምም፤ ደራሲው የደረሰበትን ስፍራ ሁሉ የሚመዝነው ጉድለቱንና ጥቅሙን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነውና። ያኛው መልሕቅ መጣያ ለሰሜን ሞገድ የተጋለጠ ነው፤ ሆኖም መሸሻው ቅርብ ነው። ይኸኛው የወንዝ አፍ ለመግባት ያስቸግራል፤ ነገር ግን መሪዎች ይወጡልሃል። ዞስካሌስም በዋጋ ይጠነክራል፤ ሆኖም ጨዋ ነው፤ ደግሞም በግሪክኛ ልትጻጻፈው ትችላለህ።

እንግዲህ ይህ ዐረፍተ ነገር ሙገሳም ስድብም አይደለም፤ የመርከበኛ ምዘና ነው። ደራሲው ገዥውን ያየው ወደብን በሚያይበት ዐይን ነው። ጥያቄው ይህ ሰው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል ሳይሆን፣ እዚህ መልሕቅ ቢጣል ይይዛል ወይ የሚል ነው። መልሱም ከነማስጠንቀቂያው ይይዛል የሚል ይመስላል። ዞስካሌስን ከንጉሠ ነገሥት ዝርዝር ውስጥ ካለው ዘሐቃሌ ጋር ለማዛመድ ብዙ ቀለም ፈስሷል። ያ የታሪክ ሊቃውንት ድርሻ ነው። የሥነ ጽሑፍ አንባቢ ድርሻ ደግሞ ይህ የመጀመሪያ የአንድ ገዥያችን ሥዕል በምን ዓይነት ብሩሽ እንደ ተሣለ ማስተዋል ነው።

ምናልባት ይህ ንባብ ደራሲው ያላሰበውን ሥነ ጽሑፋዊ ዓላማ ይጭንበታል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ደራሲው ጥበባዊ ሥራ ለመሥራት ተነሣ የሚል ነገር እዚህ አልተባለም። የተባለው፣ አንድ የአነጋገር ሥርዐት በ66 አንቀጾች ውስጥ ሲደጋገም ዓለምን የማያ መንገድ ይሆናል፤ ያንን መንገድ መለየትም የሒስ ተግባር ነው የሚለው ነው።

7. ከመርከቡ ላይ ሲታይ፣ ከዳርቻው ላይ ሲታይ

እስካሁን የተባለው የድርሰቱን ብርታት የሚመለከት ነው። ድክመቱም ከዚያው ብርታት የሚወለድ ነው። ሁሉን በመልሕቅ መጣያ ሚዛን የሚመዝን ሰው፣ በዳርቻው የሚኖረውን ሕዝብም ከነፋስና ከዐለት ጋር አንድ ላይ ይቆጥራል። የዐረቢያው ዳርቻ ክፋት ሲዘረዘር ዘራፊዎቹና ከውኃ በታች ያሉት ዐለቶች በአንድ ሰንሰለት ተያይዘዋል። ወደ ዲዶሮስ ደሴት በእግር የተሻገሩት ሰዎችም እንደ ማዕበል መጥተው እንደ ማዕበል ያልፋሉ። ስም የላቸውም፤ «ባርባሮይ» ብቻ ናቸው። ለምን እንደ ተሻገሩ አልተነገረም፤ ያቺ ደሴት የማን እንደ ነበረችም አልተጠየቀም።

ይህ ነገር ለእኛ ቀላል አይደለም። በዚህ የጥንት የንግድ ጽሑፍ የዚያ ዳርቻ ሰዎች በሥራ ላይ የሚታዩት እንደ አየር ጠባይ ሆነው ነው፤ ሊተነበዩና ሊሸሹ የሚገባቸው ነገሮች ሆነው። ጠረፉን እየዞሩ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ከዚህ ፈተና አያመልጡም። መርከብ ዳርቻን ያያል እንጂ አገርን አያይም። አዱሊስ ከባሕር 20 ስታድዮን ወደ ውስጥ ገባ ያለች መካከለኛ መንደር መሆኗን ደራሲው ያውቃል፤ ከእርሷ ወደ ኮሎኤ የሦስት ቀን፣ ከኮሎኤ ወደ አክሱም የአምስት ቀን መንገድ መሆኑንም ጽፏል። ነገር ግን የስምንቱ ቀን መንገድ በቁጥር ያልቃል፤ በባሕር ላይ አንዲት ዐለት ያገኘችውን ያህል ቃል እንኳ አላገኘም።

ታዲያ ድርሰቱን በዚህ ምክንያት እንናቀው? አይመስለንም። ድክመቱን የምናየው ራሱ ድርሰቱ ባስተማረን ዘዴ ነው። የት ቆሞ እንደሚያይ ሁልጊዜ ይነግረናል፤ ስለዚህ ምን ሊያይ እንደማይችልም እናውቃለን። የትረካ አንጻር ምን እንደ ሆነ ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

8. ወደ አማርኛ ሲመጣ

ድርሰቱን በእንግሊዝኛ በኩል ማንበባችን የሚያሳጣን አንድ ነገር አለ። ደራሲው የጉዞ ወራትን ሲናገር የሮማውያኑንና የግብጻውያኑን ስም አብሮ ይሰጣል። ወደ አዱሊስ የሚኬደው በአብዛኛው ከቲቢ እስከ ቶት ነው፤ ወደ ህንድ የሚነሡት በኤጲፍ ነው። የእንግሊዝኛው ተርጓሚ እነዚህን በግርጌ ማብራሪያ ማስረዳት ይገደዳል። እኛ ግን ማብራሪያ አያስፈልገንም። የዘመን አቆጣጠራችን ከእስክንድርያው ጋር አንድ በመሆኑ ቲቢ ጥር ነው፣ ቶት መስከረም ነው፣ ኤጲፍም ሐምሌ ነው። የፔሪፕለስ መርከበኛ በሐምሌ ሸራውን ሲሰቅል፣ ያው ወራት በደጋው የክረምቱ ዝናብ የሚበረታበት ነው። ሰማዩን እያየ የሚዘራው ገበሬና ባሕሩን እያየ የሚጓዘው መርከበኛ በአንድ አቆጣጠር ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

ቃላትን በሚመለከት ችግሩ ከፍ ይላል። አማርኛችን በአብዛኛው የየብስ ቋንቋ ነው። ወደብ፣ መልሕቅ፣ ሸራ፣ ሞገድ፣ ማዕበል አሉን። ነገር ግን ነፋስ ሳይኖር ከሩቅ የሚመጣውን ረጅም ሞገድ፣ ወይም ወደብ ሳይሆን መርከብ ለጊዜው የሚያርፍበትን ስፍራ በአንድ ቃል ለመጥራት እንቸገራለን። በዚህ ጽሑፍ «መልሕቅ መጣያ» የተባለው ለዚህ ነው። ከግዕዝ ግን ብዙ መበደር ይቻላል። ሐመር መርከብ፣ መርሶ ወደብ፣ ኖትያዊም መርከበኛ ነው፤ የመጨረሻው ቃል ራሱ ከግሪክኛ መጥቶ በግዕዝ የቀረ ነው። ቃሉ የተገኘው በአዱሊስ በኩል ይሁን በመጻሕፍት ትርጉም፣ የባሕሩ ንግግር አንድ ጊዜ በእኛ ቋንቋ ውስጥ አልፎ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ድርሰቱን በሙሉ ወደ አማርኛ መመለስ የሚሻ ተማሪ ከግሪክኛው ይልቅ የሚፈተነው በዚህ ላይ ይሆናል፤ ፈተናው ግን ለቋንቋው ትርፍ ነው።

9. ማጠቃለያ

በ57ኛው አንቀጽ ደራሲው ሂፓሎስ ስለተባለ የመርከብ መሪ ያነሣል። ቀደም ሲል ሰዎች በትንንሽ መርከቦች የባሕረ ሰላጤዎቹን ጥምዝ እየተከተሉ ይሄዱ ነበር፤ ሂፓሎስ ግን የወደቦቹን አቀማመጥና የባሕሩን ቅርጽ አስተውሎ በነፋሱ ወራት ክፍቱን ባሕር የሚያቋርጠውን መንገድ አገኘ ይላል። ደራሲው የኖረው ክፍቱን ባሕር ማቋረጥ በተለመደበት ዘመን ነው። ሆኖም መጽሐፉን የጻፈው በአሮጌው መንገድ፣ ዳር ዳሩን ነው። ቢያቋርጥ ኖሮ የዲዶሮስን ደሴት፣ የደፈረሰውን ውኃ፣ የእባቦቹንም ቀለም ባላገኘን ነበር። ሒስም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ አቋርጦ ከሚፈጥን ዳሩን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

የመጨረሻው፣ 66ኛው አንቀጽ ከሁሉ አጭር ከሆኑት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት አገሮች በክረምቱና በብርዱ ብርታት፣ በመንገዱም አስቸጋሪነት፣ ወይም በአማልክት ኃይል አልተመረመሩም ይልና ያቆማል። አልፎ የሚሄድ ተረት አልፈጠረም፤ በዘመኑ ስለ ሩቅ አገር ሲጻፍ ጭራቅና አንድ እግር ያላቸው ሰዎች ይወሱ እንደ ነበር ስናስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መልሕቅ የማይይዝበት ስፍራ ሲደርስ መልሕቅ አልጣለም።

«ሥነ ጽሑፍ የሚያሰኘው ምኑ ነው?» ለሚለው ጥያቄ እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ፔሪፕለስ ሥነ ጽሑፍ የሚሆነው ስለ ባሕር ስላማረ አነጋገሩ አይደለም፤ ያማረ አነጋገር የለውምና። የሚሆነው፣ አንድ ዓለምን የመመልከቻ ዘዴ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሳያዛንፍ ስለሚይዝ፣ ያንንም ዘዴ ወደ አንባቢው ዐይን ስለሚያሻግር ነው። ጥቅሱን ብቻ ስናነብ የተማረ ገዥና የተዘረፈ ወደብ እናገኛለን። ሙሉውን ስናነብ ግን ገዥውንም ወደቡንም የሚመዝነውን ዐይን፣ ከነብርታቱና ከነዕውርነቱ እናገኘዋለን። ጥያቄውን ያነሣው ተማሪ ይህ መልስ ያረካው እንደ ሆነ የሚታወቀው ድርሰቱን ራሱን ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ ነው።